ባለቤቱ የማያዝበት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ

ይድረስ፦ በኢትዮጵያ የድረ ገጽ ማስተናገጃ አገልግሎት ለሚሸጡና መልሰው ለሚያከራዩ ድርጅቶች ሁሉ

ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የማስተናገጃ መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች የኮምፒዩተር ሙያ ለሌላቸው ደንበኞች በሚገባ መልክ እንዲዘጋጁ ስለመጠየቅ

በሐዋሳ ከሐይቁ ዳርቻ እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ ያሉ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች፣ የግል ክሊኒኮችና ኮሌጆች፣ የሲዳማን ቡና ለውጭ ገበያ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ቢሮዎችም ጭምር የዕለት ተዕለት ማስታወቂያቸውን በፌስቡክና በቴሌግራም ቢያካሂዱም፣ የውጭ አገር ገዢ፣ ለጋሽ ድርጅት ወይም የጨረታ ኮሚቴ ሲመጣ በራሳቸው ስም የተመዘገበ ድረ ገጽና የድርጅት ኢሜይል ማሳየት ግድ ይሆንባቸዋል። በዚህ የተነሳ አብዛኛዎቹ በየዓመቱ የማስተናገጃ ኪራይ ይከፍላሉ። ይህ ደብዳቤ ድረ ገጹ እንዴት ይሠራ የሚለውን ጥያቄ ትቶ፣ ከተሠራ በኋላ ማን ያዝበታል የሚለውን ይዞ የተጻፈ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ባለው አሠራር የሚከፍለው አንድ ሰው፣ የሚያዝበት ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ ቀርቷል።

ነገሩ ለማንኛውም አንባቢ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ስሞችን ማስረዳት ያስፈልጋል። ድረ ገጽ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ በሚሠራ ሰርቨር በሚባል ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ የፋይሎች ስብስብ ሲሆን፣ ከዚህ ሰርቨር ላይ ቦታ ማከራየት ማስተናገጃ፣ በተለምዶ አነጋገር ሆስቲንግ፣ ይባላል። ሰው ድረ ገጹን ለማግኘት የሚጽፈው ስም ዶሜይን ነው። ይህን ስም ከትክክለኛው ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ዓለም አቀፍ ማውጫ ዲኤንኤስ ሲባል፣ ተከራዩ ኢሜይል የሚከፍትበት፣ ፋይል የሚጭንበት፣ የይለፍ ቃል የሚቀይርበትና የቀረውን ቦታ የሚያይበት ገጽ ደግሞ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ወይም ኮንትሮል ፓነል ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ሰሌዳውን በአንዱ ታዋቂ ምርት ስም ሲፓነል ብሎ ይጠራዋል፤ ፕሌስክ፣ ዳይሬክት አድሚንና ሌሎችም ግን ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

የሰሌዳዎቹ አመጣጥ ለዛሬው ችግር ምክንያቱን በከፊል ያስረዳል። ዶት ኢቲ የተባለው የኢትዮጵያ የዶሜይን መለያ የተመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ኢንተርኔት ለአገሪቱ ሕዝብ መሸጥ የጀመረው በ1997 በቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። ሲፓነል አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል፣ በ1996፣ ነበር፤ የተሠራውም ለአንድ አስተናጋጅ ድርጅት ሆኖ፣ ዓላማው በትእዛዝ መስመር ይከናወን የነበረውን የሰርቨር አስተዳደር በመዳፊት ጠቅታ መተካት ነበር። በዚያን ጊዜ ማስተናገጃ የሚከራይ ሰው ገጹን በራሱ እጅ በኮድ የሚጽፍ ሰው ስለነበረ፣ የመረጃ ቋት ምን እንደሆነ የሚያስረዳው አላስፈለገም። ምርቱ ሁለት ፊት ኖሮት አደገ፤ አንደኛው ፊት ለሻጩ፣ ሁለተኛው ለተከራዩ ነው። ይሁን እንጂ የተከራዩ ፊት ከሻጩ የተቀነሰ እንጂ ለተከራዩ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ይኸው ሰሌዳ፣ ቀለሙና የምልክቶቹ ቅርጽ ከመለወጡ በቀር፣ ሐዋሳ ላለች የሆቴል ገንዘብ ያዥ ይሰጣታል።

እርሷ የሚደርሳት ኢሜይል ብዙውን ጊዜ የመግቢያ አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና «ኔም ሰርቨር» የተባሉ ሁለት አድራሻዎችን የያዘ ነው። ገብታ ስታይ ፋይሎች፣ የመረጃ ቋቶች፣ ዶሜይኖች፣ ኢሜይል፣ መለኪያዎች፣ ደኅንነት፣ ሶፍትዌርና «አድቫንስድ» በሚሉ የእንግሊዝኛ ርእሶች ሥር የተደረደሩ በርካታ ትንንሽ ምልክቶች ታገኛለች። ዞን ኤዲተር፣ ክሮን ጆብስ፣ ሆትሊንክ ፕሮቴክሽን፣ ትራክ ዲኤንኤስ የሚሉት ስሞች እንግሊዝኛ አጥርቶ ለሚናገር ሰው እንኳ ሙያው ከሌለው ትርጉም አይሰጡም፤ ስለዚህ ችግሩ የቋንቋ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ግማሽ እውነት ነው። ከስሞቹ ይልቅ የሚያሳስበው ምልክቶቹ ሁሉ እኩል መሆናቸው ነው። የኢሜይል ይለፍ ቃል የሚቀየርበት ምልክትና የድርጅቱን ሙሉ የመረጃ ቋት ለመሰረዝ የሚያስችለው ምልክት በመጠንም በቀለምም አይለያዩም፤ አንዱ በየወሩ የሚያስፈልግ፣ ሌላው በአሥር ዓመት አንዴም የማያስፈልግ መሆኑን የሚያመለክት ነገር የለም።

የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ ለማየት በሐይቁ ዳር ያለ አንድ ፔንሲዮን ይታሰብ። የተከራየው ቦታ ትንሽ ነው፤ የክፍሎቹ ፎቶግራፎችና የእንግዳ መቀበያው ኢሜይሎች የሚቀመጡት በአንድ የጋራ ኮታ ውስጥ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል የፓስፖርት ቅጂዎች፣ የክፍያ ደረሰኞችና ትልልቅ ፎቶግራፎች በኢሜይል ሲመጡ ማንም ሳያጠፋቸው ይከማቻሉ፣ አንድ ቀንም ኮታው ይሞላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከውጭ አገር አስጎብኚ ድርጅት የሚላክ የክፍል ማስያዣ ጥያቄ ቦታ መሙላቱን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ መልእክትና 552 የሚል ቁጥር ተሸክሞ ወደ ላኪው ይመለሳል። ላኪው ፔንሲዮኑ የተዘጋ ይመስለዋል። የፔንሲዮኑ ሠራተኞች ግን ምንም ስለማይደርሳቸው ወቅቱ የቀዘቀዘ መስሏቸው ይቀመጣሉ። ሰሌዳው በበኩሉ አልዋሸም፤ በገጹ ጎን በኩል የዲስክ አጠቃቀም መቶ በመቶ መድረሱን በቀይ መስመር አሳይቷል፣ ማስጠንቀቂያም በኢሜይል ልኳል። የላከው ግን ወደሞላው ሳጥን ነው፤ ወይም ደግሞ መጀመሪያ ሰሌዳውን ሲከፍት የራሱን አድራሻ ወዳስመዘገበው፣ ዛሬ ሌላ ከተማ ወዳለው ድረ ገጽ ሠሪ።

እዚህ ላይ መረጃ አልጠፋም፤ የጠፋው መረጃውን ባለቤቱ ወደሚገባው ነገር የሚለውጠው ዐረፍተ ነገር ነው። «ከትናንት ጀምሮ ኢሜይል መቀበል ቆሟል፤ ምክንያቱ የተከራዩት ቦታ መሙላቱ ነው፤ አሮጌ መልእክቶችን ማጥፋት ወይም ቦታ መጨመር ይችላሉ» የሚል አጭር የስልክ መልእክት ለባለቤቱ ቢላክ ኖሮ ጉዳዩ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። በስልክ መልእክት ደረሰኝና ማስታወቂያ መላክ በኢትዮጵያ ባንኮች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ፣ ለአስተናጋጅ ድርጅት ከአቅም በላይ ነው ሊባል አይችልም።

ከኢሜይሉ የሚከፋው ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ሰሌዳው ለባለቤቱ የማይገባ በመሆኑ የሚሆነው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን «ለሠሪው ልጅ» አስረክቦ ይገላገላል። ልጁም በአብዛኛው በክፋት ሳይሆን ሥራውን ለማቅለል ሲል ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል፣ ማስተናገጃውን በራሱ መለያ፣ ክፍያውን በራሱ መንገድ ይመዘግባል። ማስተናገጃው ከውጭ አገር የተገዛ ከሆነ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚጠይቅ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ወይም በብር ተቀብሎ በዶላር የሚከፍል አከራይ በመካከል ይገባል፣ ባለቤቱም ከራሱ ንብረት በሁለትና በሦስት ሰው ይርቃል። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ ሥራ ሲቀይር ወይም ከአገር ሲወጣ ድርጅቱ የራሱን ስም ማደስ የሚችልበት መንገድ አይኖረውም።

በዶሜይን ሕግ ደግሞ ጊዜ አይጠብቅም። ዶት ኮም የተሰኙት ስሞች የአገልግሎት ዘመናቸው ካለፈ በኋላ መዝጋቢው ድርጅት እስከ 45 ቀን ሊታገስ ይችላል፤ ከዚያ ስሙ በከፍተኛ ክፍያ ብቻ የሚመለስበት የ30 ቀን ጊዜ ይከተላል፤ በመጨረሻም 5 ቀን ተጠብቆ ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል። በጥሩ ስም ለዓመታት የሠራ ነጋዴ አድራሻ በዚህ መንገድ ለማያውቀው ሰው ሊተላለፍና የቁማር ማስታወቂያ መስቀያ ሊሆን ይችላል። ከማለቂያው ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ መላኩ በዓለም አቀፍ ደንብ ግዴታ ቢሆንም፣ ማስጠንቀቂያው የሚሄደው በመዝገቡ ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ ባለቤቱ አይደለም።

ይህን ሁሉ የግል ግድየለሽነት ነው ብሎ ማለፍ የማይቻልበት ተጨማሪ ምክንያት ሕጉ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የጤና ሁኔታ ወይም የመታወቂያ ቅጂ የሚሰበስብ ድርጅት መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት ተጥሎበታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በድረ ገጹ ላይ የቀጠሮ ቅጽ ያለው ክሊኒክ ቅጹ የሚሰበስበው መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊከፍተው እንደሚችል፣ ቅጂው ካለም ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ማወቅ ይጠበቅበታል። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ግን ሰሌዳውን ቢከፍቱ የሚያገኙት ፒኤችፒ ማይ አድሚን የሚል ምልክት ነው። ኃላፊነቱ በአማርኛ በነጋሪት ጋዜጣ ተጽፎ ሳለ፣ ኃላፊነቱን የሚወጡበት መሣሪያ ሊያነቡት በማይችሉት መልክ መቅረቡ ተገቢ አይደለም።

የሚከተሉት ጉዳዮች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ይሁንና ሰሌዳውን ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ባዕድ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸውና ጠለቅ ብሎ ማየቱ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኪራይ ማለቂያ ቀን 06/07/2026 ተብሎ ሲጻፍ በአሜሪካ ልማድ ግንቦት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ልማድ ደግሞ ሰኔ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል አንድ ወር አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ጣጣው ይበዛል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ የሚያልቅ ኪራይ ቀድሞ ካልታወቀ ድረ ገጹ መውደቁ አይቀርም። የማለቂያውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፎ ማሳየት የአንድ ቀን የፕሮግራም ሥራ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ ከሐዋሳ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚጠቀሙ፣ «በ03፡00 ጥገና ይደረጋል» የሚል ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል፤ ጥገናው ግን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው።

ሦስተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከተካተተ ወዲህ በኮምፒዩተር ላይ መታየቱ ችግር መሆኑ ቀርቷል፤ ነገር ግን ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. እስከ 2018ቱ 8.0 እትም ድረስ ሳይነገረው የሚመርጠው የፊደል ስብስብ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ብቻ የሚበቃ ነበር። በዚህ ምክንያት አሮጌ ቅጂ በአግባቡ ሳይዘጋጅ ሲመለስ የአማርኛው ጽሑፍ በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይለወጣል፤ ብዙ የአማርኛ ድረ ገጽ የሠራ ባለሙያ ይህን ሰልፍ ያውቀዋል። ሰሌዳው ለደንበኛው የፊደል ስብስብ ምርጫ ማቅረቡ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። የሚበጀው አስተናጋጁ አንድ ጊዜ በትክክል አስተካክሎ ጥያቄውን ከደንበኛው ዓይን ማስወገዱ ነው። ቀላል ማድረግ ማለት በአብዛኛው ይህ ነው፤ ሻጩ ሊወስነው የሚገባውን ለገዢው አለመተው።

ከባለሙያዎች በኩል የሚነሳው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነውና በአግባቡ መመለስ ይኖርበታል። ሰሌዳውን ማቅለል አቅሙን መቀነስ ነው፣ ሙያው የሌለው ሰው ሰሌዳው ቀሎታል ብሎ ነካክቶ ቢያበላሽ ስልክ የሚደወለው ወደ እኛ ነው ይላሉ። የቤት ኤሌክትሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል፤ መብራት ሲጠፋ የቤቱ ባለቤት ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ወይም ባልቦላ ያያል እንጂ ምሰሶ ላይ አይወጣም፣ ለዚህም ማንም የኤሌክትሪክ ትምህርት አልሰጠውም። በሰሌዳውም ላይ የሚፈለገው ይኸው መስመር ነው። የዲኤንኤስ መዝገብ፣ በተወሰነላቸው ሰዓት በራሳቸው የሚነሱ ሥራዎች (ክሮን ጆብስ) እና የመረጃ ቋት አስተዳደር ለባለሙያው በተለየ ገጽ ይቆዩ፤ ባለቤቱ የሚያየው ፊት ግን ባለቤቱ ሊመልሳቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች ብቻ ይያዝ። ስልክ ስለመደወሉም ቢሆን፣ ዛሬ የሚደወለው አብዛኛው ስልክ የሚመጣው ደንበኛው ሰሌዳውን ነክቶት ሳይሆን ፈርቶ ሳይነካው በመቅረቱ ነው ማለት ይቻላል፤ የይለፍ ቃል ለማስቀየር የሚደውል ሰው የባለሙያ ጊዜ የሚወስደው ራሱ የሚቀይርበትን ቦታ ስላላገኘ ነው።

ደግሞም ለዚህ አዲስ ሶፍትዌር መጻፍ አያስፈልግም። በሲፓነል የሻጩ ፊት ላይ የትኞቹ ምልክቶች ለየትኛው ደንበኛ እንደሚታዩ የሚወሰንበት ዝርዝር ከተሠራ ቆይቷል፤ የሰሌዳውን ቃላት አውጥቶ በሌላ ቋንቋ ተርጉሞ መልሶ ማስገባትም ይቻላል። ፕሌስክም እንዲሁ ሻጩ ራሱ የሚቀርጸው የተቀነሰ ገጽታ እንዲኖር ይፈቅዳል። በተለያየ የሥልጣን ደረጃ ተጨማሪ ተጠቃሚዎችን መመዝገብ የሚያስችሉ ክፍሎችም ስላሉ ባለቤቱና ድረ ገጽ ሠሪው አንድ የይለፍ ቃል መጋራት የለባቸውም። እነዚህ አማራጮች እያሉ ሰሌዳው ከፋብሪካ እንደወጣ ለደንበኛ መሰጠቱ የአቅም ማነስ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ማንም ስላልጠየቀ ነው ቢባል ይቀርባል። በእርግጥ የሰሌዳዎቹ ፈቃድ ዋጋ ሌላ ራስ ምታት ሆኗል። ሲፓነልና ፕሌስክ በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት እጅ ከገቡ በኋላ፣ በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ሲፓነል ዋጋውን በሰርቨር ሳይሆን በደንበኛ ብዛት እንደሚያስከፍል አስታወቀ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ አስተናጋጆችም ወደ ርካሽ ወይም ነጻ ሰሌዳዎች ዞሩ። ለደንበኛው ይህ ማለት አንድ ማለዳ የለመደው ገጽ ጠፍቶ ሌላ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ስለዚህም ቀላሉ ፊት ለአንድ ምርት የታሰረ ባይሆንና ከኋላው ያለው ሰሌዳ ቢቀየርም ሳይለወጥ የሚቀጥል የአስተናጋጁ የራሱ ገጽ ቢሆን ይመረጣል።

በዚህ ገጽ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ድረ ገጹ አሁን እየሠራ ነው ወይስ አይደለም፣ ኪራዩና ዶሜይኑ በየትኛው ቀን ያልቃሉ፣ ለማደስ ስንት ብር ያስፈልጋል፣ በማን ስም ተመዝግበዋል፤ ኢሜይል ያላቸው ሠራተኞች እነማን ናቸው፣ ከሥራ የለቀቀው እንዴት ይወጣል፤ የመጨረሻው ቅጂ፣ በሙያው አነጋገር ባክአፕ፣ መቼ ተወሰደ፣ ወደ ትናንቱ መመለስ ቢያስፈልግ የሚጫነው የትኛው ነው፤ ከባለቤቱ ሌላ ይህን ሰሌዳ መክፈት የሚችለው ማን ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ መልሱ በስምና በስልክ ቁጥር ካልታየ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የማይመለስ ነገር የሚያስከትል ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ሰሌዳው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ ምን እንደሚጠፋ፣ እስከ መቼ ሊመለስ እንደሚችል ሊናገር ይገባል። ድረ ገጽ በኢንተርኔት ሲተላለፍ ማንም እንዳያነበው የሚቆልፈው ኤስኤስኤል የተባለው ምስክር ወረቀት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት በተባለው ተቋም በነጻ የሚሰጥና በራሱ ጊዜ የሚታደስ ሆኗልና፣ ደንበኛው ስለእርሱ ጭራሽ መጠየቅ አይኖርበትም።

ቋንቋውን በተመለከተ ቴሌብር ጥሩ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ ሲጀምር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ቀርቦ፣ ዘመናዊ ስልክ የሌለውም ሰው በ*127# እንዲጠቀምበት ተደርጓል፤ ገንዘብን የሚያህል ነገር በዚህ መልክ ማቅለል ከተቻለ የኢሜይል ሳጥን መክፈት አይከብድም። ለሐዋሳ ደግሞ በአማርኛ ማቆም አይበቃም፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ በመሆኑና በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ትርጉሙ ሰሌዳው ከማንኛውም ቋንቋ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ከመጀመሪያው መታሰብ ይኖርበታል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ ሰው በየቀኑ ሰርቨር፣ ባክአፕ፣ ፓስዎርድ እያለ ሲናገር ሰሌዳው ከመዝገበ ቃላት የተቆፈረ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ይዞ ቢመጣ፣ የእንግሊዝኛው ግድግዳ በአማርኛ ግድግዳ ተተካ እንጂ በር አልተከፈተም።

ቃላቱም ሆኑ ገጾቹ ለሕዝብ ከመቅረባቸው በፊት በሰው መሞከር አለባቸው፤ ለዚህ ሐዋሳ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። እ.ኤ.አ. በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመሥርቶ በኋላ ስሙን የለወጠው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የኮምፒዩተር ሳይንስና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪዎችን በየዓመቱ ያስመርቃል፣ እያንዳንዱም የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል። ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ጥቂቶቹ እንኳ አንድን እውነተኛ ሰሌዳ ወስደው በፒያሳና በመናኸሪያ አካባቢ ካሉ ባለሱቆች፣ የክሊኒክ ፀሐፊዎችና የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ጋር ቢሞክሩት ለአስተናጋጆቹ በገንዘብ የማይገኝ እውቀት ይሰጣል። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስረዳው የአንድን ገጽ አብዛኛውን ጉድለት ለማውጣት አምስት ሰው ይበቃል። አሠራሩም ውድ አይደለም፤ ሰውየው ሰሌዳው ፊት ይቀመጣል፣ «አዲስ ለተቀጠረች ሠራተኛ ኢሜይል ይክፈቱ» ይባላል፣ ተማሪው ሳይረዳና ሳይጠቁም የት እንደቆመ ይመዘግባል። ለተማሪው የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈጸም ማለት አይደለም። አስተናጋጅ ድርጅቶች ግን ሦስት ነገሮችን ለነገ ሳይሉ ማድረግ ይችላሉና ይጠየቃሉ። ማንኛውም አዲስ ምዝገባ ሲካሄድ ድረ ገጽ ሠሪው ማንም ይሁን፣ የድርጅቱ ሕጋዊ ባለቤት ስልክ ቁጥር እንደ ቀዳሚ መገናኛ ይመዝገብ፤ የማለቂያ ቀንና የቦታ መሙላት ማስጠንቀቂያ በዚያ ስልክ በአጭር መልእክት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠርና ደንበኛው በመረጠው ቋንቋ ይላክ፤ ለባለቤቱ ከባለሙያው ገጽ የተለየ አንድ የመጀመሪያ ገጽ ይከፈት። ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ በአገሪቱ መለያ የሚመዘገብ ስም ሁሉ በባለንብረቱ እንጂ በሠሪው ስም እንዳይመዘገብ የምዝገባ ቅጹን ቢያጠብቅ፣ የግሉ ዘርፍ ተከትሎ ይሄዳል። የኪራይ ደረሰኝ በእጃቸው ያለ የሐዋሳ ነጋዴዎችና መሥሪያ ቤቶችም ዶሜይናቸው በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ በዚህ ሳምንት ጠይቀው ይረዱ፤ መልሱን በቀላሉ ካላገኙ፣ ይህ ደብዳቤ የሚናገረው ስለ እነርሱ ነው።

ግልባጭ፦
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት
ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር